ተክቢራ ለዳገት፣ ተስቢሕ ለቁልቁለት



በ2010 ዓ.ም. የረመዳን ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዒድን ከዘመድ ጋር ለማሳለፍ ከአዲስ አበባ ወደ ጋይንት ነፋስ መውጫ ቤተሰብ ይዘን ጉዞ ጀመርን። የሚነዱት ብዙ ዓመት በውጭ አገር የኖሩት አጎቴ ናቸው። የተከራዩት መኪና አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ሲሆን፣ መሪው ላይ ክሩዝ ኮንትሮል የሚባለው የፍጥነት መጠበቂያ ነበረው። አጎቴም «ይህ እግር ያሳርፋል» እያሉ በሰላሌ ሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ አስረውት መጡ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ወደ 50 ዝቅ አደረጉትና በዚያው ቀጠሉ።

መኪናው ግን 50 ላይ አልቆም አለ። 60 ሲያልፍ አጎቴ ፍሬን ይይዛሉ። ፍሬን ሲነካ መሣሪያው ይለቃል። እርሳቸው ደግሞ ወደ ነበረበት ፍጥነት የሚመልሰውን ቁልፍ መልሰው ይጫናሉ። አንድ ጠባብ ኩርባ ላይ ወደ 30 ወርደን ሳለ ይህንኑ ቁልፍ ሲጫኑት መኪናው 50 ለመድረስ ነዳጅ ስቦ ወደ ገደሉ አፍ ተወረወረ። እናቴ «ያ አላህ!» ብለው ጮኹ። አጎቴ ፍሬኑን ረግጠው መለሱት፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን የተቃጠለ ሽታ መኪናውን ሞላው፤ ፍሬኑም ከእግራቸው ሥር እየላላ መጣ። እንደ ምንም ሰፋ ያለ ዳር አግኝተን ቆምን። የፊት ጎማዎቹ ይጨሳሉ።

ወንድሜ የውኃ ጀሪካን ይዞ ሲሮጥ፣ ከኋላችን የቆሙ አንድ አዛውንት የከባድ መኪና ሾፌር ከለከሉት። «ተው ልጄ! በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይፈስም፤ ይሰነጥቀዋል» አሉት። ወደ አጎቴም ዞረው፣ «ሐጂ፣ በስንት ማርሽ ነው የወረዱት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ማርሹ ራሱ ነው የሚቀይረው» አሉ አጎቴ።

«ራሱ የሚቀይረው ቁልቁለቱን አይቶ መሰለዎት? እኛ ይችን ቁልቁለት በወጣንበት ማርሽ ነው የምንወርዳት። ፍሬን ለማቆሚያ ነው፤ የሚይዝዎት ሞተሩ ነው» አሏቸው።

አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ፍሬኑ ከበረደ በኋላ፣ ማርሹን ቁጥር 2 ላይ አድርገው እስከ ድልድዩ በሰላም አወረዱን። እኔ በትምህርት ቤት ስለ ጉልበትና ሙቀት ለተማሪዎች የማስተምር ሰው ከኋላ ተቀምጬ አንዲት ቃል አለመናገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ጽሑፍም ያጻፈኝ ይኸው ነው።

ለመሆኑ መሣሪያው ምንድን ነው? ፈጣሪው ራልፍ ቲተር የሚባል፣ በልጅነቱ ዓይነ ስውር የሆነ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ጠበቃው መኪና ሲነዳ፣ በሚናገርበት ጊዜ ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ በሚያዳምጥበት ጊዜ እየጨመረ ያስቸግረው ስለነበር መፍትሔ ሲፈልግ እንደደረሰበት ይነገራል። የባለቤትነት መብቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 አገኘ። በ1958 ደግሞ የክራይስለር ኩባንያ በመኪናው ላይ ገጥሞ ለገበያ አቀረበው። የተሠራው ለረጅምና ለጥ ላለ አውራ ጎዳና ነው።

መሣሪያው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የታዘዘውን ፍጥነት። ዳገቱን አስቀድሞ አያየውም። ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ ነው ነቅቶ ነዳጅ በብዛት የሚለቅቀው። ያን ጊዜ አውቶማቲኩ ማርሽ ድንገት ዝቅ ይላል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ሲመለስ ማርሹ እንደገና ከፍ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ይወርዳል። በዚህ ውጣ ውረድ ነዳጅ ይባክናል፤ የማርሹም ዘይት ይግላል።

በቁልቁለት ላይ ደግሞ የተለመደው ዓይነት መሣሪያ ነዳጁን ከመዝጋት ሌላ የሚያደርገው የለም። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ማርሽ ዝቅ የሚያደርግ ወይም ፍሬን የሚይዝ ዓይነት አለ። ነገር ግን የሚይዘው ፍሬን ያው የሚግለው ፍሬን ነው። ስለዚህ የብዙ መኪናዎች መመሪያ መጽሐፍ በአቀበትና በቁልቁለት፣ በጠመዝማዛና በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መሣሪያውን አትጠቀሙ ብሎ ያስጠነቅቃል።

ሙቀቱን በቁጥር እንመልከተው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚያወጣው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ወይ አራቱ ፍሬኖች ይሸከሙታል። ፍሬኑ ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ዘይቱ ከፈላ ደግሞ እግር ባዶ ይረግጣል።

እንግዲህ አውቶማቲክ መኪና የሚነዳ ወንድምና እኅት የሚከተለውን ልብ ይበል፦

1ኛ. ዳገቱ ወይም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን ማጥፋት።

2ኛ. ገና ከቁልቁለቱ አናት ላይ ፍጥነትን በፍሬን ቀንሶ፣ ማርሹን ከ«ዲ» ወደ 3፣ ወደ 2፣ በጣም ቀጥ ላለውም ወደ «ኤል» ማውረድ። መኪናው ከፈጠነ በኋላ በድንገት ማውረድ ግን ጎማ ሊያንሸራትት ይችላል።

3ኛ. ፍሬንን ያለማቋረጥ ተጭኖ አለመውረድ። ፍጥነቱ ከፍ ሲል ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ሲቀንስ ፈጽሞ መልቀቅ፤ በመካከሉ ፍሬኑ ይተነፍሳል።

4ኛ. ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ ፈጽሞ አለመውረድ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑም መሪውም እገዛ ያጣሉ።

5ኛ. ሽታ ከመጣ ማርሹን እያወረዱ አመቺ ቦታ ላይ መቆምና እስኪበርድ መታገሥ።

ይህ የዓባይ በረሃ ነገር ብቻ አይደለም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በጉና ጥግ፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚሄደውን፣ ቻይናዎች የሠሩትን መንገድ የምናውቅ እናውቀዋለን። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ጉሙና ዝናቡ መንገዱን ይሸፍናል። ከጋሸና ወደ ወልድያ ሲወረድም የድልብ ጠመዝማዛ ይጠብቃል። እስቴና ስማዳ ለሚሄድም ቢሆን አገሩ ወጣ ገባ ነው። በዚህ አገር እግርን የሚያሳርፍ መንገድ ጥቂት ነው።

ውድ አንባብያን! ጃቢር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ያወሩትና ቡኻሪ የዘገቡት አንድ ነገር አለ። ሶሐቦች በጉዟቸው ከፍታ ሲወጡ ተክቢራ ያሰሙ ነበር፤ ሲወርዱ ደግሞ ተስቢሕ ያደርጉ ነበር። በመድረሳ ሳለሁ ይህን እንደ ዚክር ብቻ ነበር የተማርኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላም ነገር አየሁበት። ተጓዡ መሬቱን እያየ ነው የሚሄደው። አሁን መውጣት ጀመርኩ፣ አሁን መውረድ ጀመርኩ ብሎ ያላስተዋለ ሰው ዚክሩን በቦታው ሊያደርገው አይችልም። ምላሳችን በዳገትና በቁልቁለት የሚለወጥ ከሆነ እጃችንና እግራችንስ እንዴት አይለወጡ?

«አላህ ይጠብቀናል» ማለት እውነት ነው። ግመሉን ሳያስር ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስርና ከዚያ እንዲመካ ነው የነገሩት። የዛሬ ግመላችን ማሰሪያው ዝቅተኛው ማርሽ ነው። ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓችን ከቆመላቸው አምስት ዓላማዎች አንዱ መሆኑንም አንርሳ። ከኋላ የተቀመጡት እናት፣ ሚስትና ልጆች በሾፌሩ እጅ ያሉ አማናዎች ናቸው። ከፊት የሚመጣው እግረኛና እረኛም እንዲሁ።

አጎቴ ዒድ አድረን ስንመለስ ደጀን አፋፍ ላይ ቆሙ። መሣሪያውን አጠፉ፤ ማርሹን አወረዱ። ከዚያም ልጆቹን ዞረው «በሉ፣ ቁልቁለት ነው፤ ሱብሓነላህ በሉ» አሏቸው። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ስንጀምር ግን ማንም አላዘዛቸውም፤ ትንሿ ልጅ ራሷ «አላሁ አክበር» አለች።

አላህ ጉዟችንን የሰላም ያድርግልን።