ሐቅ እንጂ ሰደቃ አይደለም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ሲጎዳ የምናደርገውን እናውቃለን። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሰደቃ እንሰበስባለን፣ ዱዓ እናደርግለታለን፣ «ቀደር ነው» ብለን እናጽናናዋለን። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ እንቀራለን፦ ያሠራው ሰው የት ነው?

ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት የሰሃላ ሰየምት ወጣት ከተከዜ ቆላ ወጥቶ ሰቆጣ ወይም ባሕር ዳር ሲገባ የሚያገኘው ሥራ ብዙ ጊዜ ድንጋይና አርማታ መሸከም ነው። ውሉ የቃል ነው። የሚወጣበት መወጣጫ በሚስማር የተያያዘ ባሕር ዛፍ ነው። ሲወድቅ ዘመዱ ሩቅ ነው፤ ጠበቃም የለውም። ባለቤቱ ጥቂት የመታከሚያ ብር ቢሰጠው መርቆት ይሄዳል። ሐቁ እንደሆነ የነገረው ሰው የለም።

ሕጉ ግን ተናግሯል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሰው ብቻ የቀጠረንም አሠሪ ይለዋል። በአንቀጽ 96 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ወይም በግልጽ የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ግን ነገሩ ይለያል። መድን ያልተገባለት ሠራተኛ ሙሉና ቋሚ የአካል ጉዳት ሲደርስበት የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ መብቱን አያስቀርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2077 ደግሞ ሕንጻው ራሱ ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል።

«ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጥቻለሁ» የሚል ባለቤት አለ። ኮንትራክተሩ በራሱ ኃላፊነት ቀጥሮ የሚያሠራ ከሆነ በእርግጥ አሠሪው እሱ ነው። የኪራይ ወይም የንግድ ሕንጻ እየሠራ ሠራተኛውን ከመንገድ ዳር ራሱ የመረጠ፣ የቀን ሒሳቡን ራሱ የከፈለ፣ ሥራውንም ራሱ የሚያዝ ሰው ግን «አላውቅም» ማለት አይችልም።

ቀደርስ? በቀደር ማመን ከኢማን ነው፤ ዕዳን ግን አይሰርዝም። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ ሳያስብ በስሕተት ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ፣ የሟች ቤተሰብ ይቅር ካላሉት በስተቀር፣ ዲያ እንዲከፍል ታዟል። ሞቱ በአላህ ውሳኔ መሆኑ ካሳውን አላስቀረም። እንግዲያ ሰደቃችን የባለቤቱን ዕዳ እየከፈለ ከሆነ የረዳነው ባለቤቱን እንጂ የተጎዳውን አይደለም።

ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር። የሕግ ተማሪዎቻችን፣ የተጎዳው ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ አቤቱታውን በመጻፍ ያግዙት። የምህንድስና ተማሪዎቻችን በምናዋጣለት መስጂድ ግንባታ ላይ መወጣጫውንና የራስ ቆቡን ይመልከቱ። ቤት የሚያሠሩ ወላጆቻችንንም በአክብሮት እናስታውሳቸው። ሰደቃ ስንሰበስብም አስቀድመን «አሠሪው ምን ከፈለ?» እንበል።

የሠራተኛውን ሐቅ ከሚጠብቁት አላህ ያድርገን። አሚን።