ጫፉ ከጫፉ ሲገጥም

የሠርግ መጥሪያ፣ የልደት ካርድ ወይም የስልክ ስክሪን ብትመለከቱ ከጽሑፉ ጀርባ ጥለት ወይም የመሶብ ስፌት የሚመስል ጌጥ አይጠፋም። የሚሠሩት ባብዛኛው ወጣቶች ናቸው። እኛ ደግሞ “ልጁ ስክሪን ላይ ተጥዶ ዋለ” ብለን እናማርራለን። እኔ ግን ይህ ሥራ ከአያቶች ሙያ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው እላለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ምስል ያዘጋጃል። ኮምፒውተሩ ያችን ምስል እንደ ወለል ሸክላ ጎን ለጎን እየደረደረ ገጹን ይሞላል። የምስሏ ቀኝ ጠርዝ ከግራው፣ የላዩም ከታቹ ጋር ካልገጠመ ገጹ ሁሉ መስመር በመስመር ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው ምስሉን በግማሽ ያንሸራትተዋል። ያኔ ዳር የነበረው መሃል ይመጣና መገጣጠሚያው ይጋለጣል፤ እሱን አይቶ ያቃናዋል።

ከሐይቅ እስከ አምባሰል ስፌት የሚሰፉ እናቶች ይህን ያለ ኮምፒውተር ያውቁታል። መሶብ ክብ ስለሆነ፣ የተጀመረው ጌጥ ዞሮ መነሻው ላይ መግጠም አለበት። አንዱ ጌጥ 6 ስፌት ቢወስድና ዙሩ 96 ስፌት ቢሆን፣ 16 ጌጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ዙሩ 100 ከሆነ ግን 4 ይተርፍና ጌጡ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። መሶቡ እየሰፋ ሲሄድ ቁጥሩም ይጨምራል፤ የት ላይ እንደሚጨመር የምታውቀው ወስፌና አለላ የያዘችው እጅ ናት።

የእህቴ ልጅ አምና ለጓደኛዋ ሠርግ መጥሪያ ስታዘጋጅ፣ ከኢንተርኔት ያወረደችውን የስፌት ምስል ለእናቴ አሳየቻት። ሐይቅ ያለችው እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ አትሰፋም። ስልኩን አራቅ አድርጋ አየችና፣

“እዚህ ጋ ተሰብሯል፣ ልጄ” አለች።

ልጅቷ አጉልታ ስታየው እውነትም ተሰብሯል።

“እማዬ፣ እንዴት አወቅሽ?”

“ቆጥሬ ነዋ! አብሽሪ፣ ይቃናል።”

ያን ምሽት የቤታችንን መሶብ መሃላቸው አስቀምጠው ዙር በዙር ቆጠሩት። እናቴ በጣቷ እየነካች ትነግራታለች፤ ልጅቷ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሙያውን ከቤታችን የያዘ ሰው ስላልነበረ፣ ያ ደብተር ባይጻፍ ኖሮ ቁጥሩ ከእናቴ ጋር ይቀር ነበር። ፎቶ ቀለሙን እንጂ ቁጥሩን አይዝም።

የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ኤሸርም እንዲሁ አድርጓል። ስፔን ውስጥ ያለውን አልሐምብራ የተባለ ጥንታዊ የሙስሊሞች ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1922 ጎበኘ። በ1936 ተመልሶ ከባለቤቱ ጋር የግድግዳውን ጌጥ ቀናት ወስዶ በእጁ ገለበጠ። በኋላ ስሙን ያስጠሩት፣ ያለ ክፍተት የሚገጣጠሙት የእንስሳት ሥዕሎቹ ከዚያ ትጋት የመጡ ናቸው። በእኛም አገር የብራና መጻሕፍትን ገጽ የሚያስጌጠው ሐረግ የተወረሰው ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን እጅ እያየ በመሥራት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም በብራና ቅርሶቹ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ይህን ሥራ ከወደደ፣ ከአያቱ ጎን አስቀምጡት። በቀጥተኛ ጥለት ይጀምር፤ ክቡ መሶብ በአራት ማዕዘን ለመቁረጥ ያስቸግራል። ፎቶውን ጥላ ውስጥ፣ ከላይ ቀጥ አድርጎ ያንሳ፤ ከአንድ ጎን የሚመጣ ፀሐይ አንዱን ጠርዝ ያጨልምና መገጣጠሚያውን ያሳብቃል። ከሁሉ በፊት ግን ይቁጠር። የጌጡን ስም፣ ቁጥሩንና የሰፋችውን ሴት ስም ይጻፍ፤ ፈቃዷንም ይጠይቅ። ሥራው ተሽጦ ገንዘብ ካስገኘ፣ ድርሻዋን ይዞ ይግባ።

አያቶች ሆይ፣ እናንተም “ይሄ የስልክ ነገር አይገባኝም” ብላችሁ አትሽሹ። ስክሪኑን ተቀበሉና የተሰበረበትን አሳዩዋቸው።