በአጥንታችን ውስጥ ያሉ ጅቦች

በቅርቡ ወደ ሐረር ሄጄ ሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራ ወጣት ወዳጄ «ጅብ ሲበላ ሳላሳይዎ አይመለሱም» ብሎ ማታ ወደ ፈላና በር ይዞኝ ወጣ። እንግዳ ሁሉ የሚያየውን እኛም አየን። አብሊው ጅቦቹን በየስማቸው እየጠራ ሥጋውን በእንጨት ጫፍ ሰክቶ ያጎርሳቸዋል። ወዳጄን የደነቀው ግን የሰውየው ድፍረት አልነበረም። አንዲት ትልቅ ጅብ ወፍራም የበሬ አጥንት እንደ ቆሎ ቆርጥማ ስትውጥ ባየ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ አጥንት ሆዷን እንዴት አይበሳውም?» አለኝ።

የጅብ ጨጓራ ብርቱ አሲድ ያመነጫል፤ አጥንቱ በዚያ ውስጥ ይሟሟል። ያልተፈጨው ካልሲየም ስለሚወጣ ነው የጅብ ዓይነ ምድር ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው። ይህን ከነገርኩት በኋላ «በአንተም አጥንት ውስጥ እንዲህ ያሉ በላተኞች አሉ» ብለው ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር።

ብዙ ሰው አጥንትን እንደ ድንጋይ ይቆጥረዋል። አንዴ ከበቀለ እስከ መቃብር ድረስ ያው ነው ይላል። ነገር ግን ድንጋይ የሆነው የጀጎል ግንብ እንኳ ያው አይደለም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ካሠሩት ወዲህ ዝናም ያላላው ድንጋይ እየተነሣ፣ ሌላ እየተተካ፣ ጭቃው እየተመረገ ነው እስከ ዛሬ የቆመው። አጥንትም እንዲሁ ነው። አንድ ወገን ሴሎች አሮጌውን አጥንት ይበላሉ፤ ሌላ ወገን ሴሎች በምትኩ አዲሱን ይሠራሉ። በጎልማሳ ሰው ዘንድ ከጠቅላላው አጥንት አንድ አሥረኛ ያህሉ በየዓመቱ ይታደሳል። በላዎቹ ሥራቸውን የሚሠሩት ልክ እንደ ጅቢቱ ጨጓራ ነው፤ በአጥንቱ ላይ ተለጥፈው አሲድ ያፈሱበታል፣ የሟሟውንም ይመጡታል። በላውና ሠሪው እኩል እስከ ሆኑ ድረስ ሰውየው ምንም አይታወቀውም። በላው የበረታ እንደሆነ ግን አጥንቱ ውስጥ ውስጡን ይሳሳል።

እነዚህ በላዎች ከየት ይመጣሉ? ነገሩ ከዚህ ላይ ይጣፍጣል። የሚወለዱት በአጥንት መቅን ውስጥ ሲሆን፣ ዘራቸው በሽታ አምጪ ተሐዋስያንን እያሳደዱ ከሚውጡት የነጭ ደም ሴሎች ዘር ነው። ስለዚህ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ሠራዊትና አጥንት በላው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሠራዊቱ ጠላት አየሁ ብሎ ሲቆጣ የሚልከው መልእክት እነዚህን ዘመዶቹንም ያነሣሣቸዋል። የድድ በሽታን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ጥርስ የሚነቃነቀው ተሐዋስያኑ መንጋጋውን ስለ በሉት ሳይሆን፣ በእነርሱ የተቆጣው የገዛ ሰውነት ጥርሱን የያዘውን አጥንት ስለሚያስበላው ነው። የሰውነት መከላከያና አጥንት የሚገናኙበት ይህ ጥናት የራሱን ስም ያገኘው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው የጥናት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ከፈላና በር ስንመለስ የወዳጄ አከራይ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ግራ እጃቸው በጀሶ ታስሯል። በሐረሪ ቤት ውስጥ ከፍና ዝቅ ብለው የሚሠሩትን ነደባ የሚባሉ መደቦች ያየ ሰው ያውቃቸዋል፤ ሴትዮዋ ከዝቅተኛው ነደባ ሲወርዱ ተንሸራትተው እጃቸውን መሬት ላይ ቢያስደግፉ አንጓቸው ተሰበረ። «ልጅ ሳለሁ ከዚህ የባሰ ወድቄ አቧራዬን አራግፌ እነሣ ነበር፤ አሁን ምን ነካኝ?» አሉን።

የነካቸው ዕድሜ ብቻ አይደለም። የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ይህም ሆርሞን ለአጥንት በላዎቹ እንደ ልጓም ነበር። ይህ ድሮም የታወቀ ነው። አዲሱ ነገር የመጣው ማንም ካልጠረጠረው ስፍራ፣ ከአንጀት ነው። በአንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ከመከላከያው ሠራዊትም ትልቁ ክፍል የሰፈረው እዚያው አጠገባቸው ነው። በ2012 በስዊድን አገር በጎተንበርግ ያሉ ተመራማሪዎች ባክቴሪያ ፈጽሞ ያልነካቸውን አይጦች መርምረው አጥንታቸው ከሌሎቹ ይልቅ የበዛ፣ አጥንት በላዎቻቸውም ያነሱ ሆነው አገኙአቸው። ባክቴሪያ ሲሰጧቸው አጥንታቸው ወደ ተራዎቹ አይጦች ልክ ወረደ። በ2016 ደግሞ በአሜሪካ በአትላንታ የተሠራው ጥናት የአከራያችንን ነገር ነካ። ያ ሆርሞን ሲቋረጥባቸው የተራዎቹ አይጦች የአንጀት ግድግዳ አሳላፊ ሆነ፤ ሠራዊቱ ተቆጣ፤ አጥንታቸውም ሳሳ። ባክቴሪያ የሌላቸው አይጦች ግን ሆርሞኑ ቢቋረጥባቸውም አጥንታቸው አልሳሳም።

እንግዲያስ ባክቴሪያን ሁሉ እንፍጅ? ወዳጄም እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ግን ሳያውቁት የሰጡን አከራዩ ናቸው። በጥንት ጊዜ ረኀብ ሆኖ ጅቦች በሰው ላይ ተነሡ ይባላል። የሐረር ሰዎች መከሩ፤ ጅቡን ፈጅተው እንደማይጨርሱት ስላወቁ፣ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ አቀረቡለትና ታረቁ። እስከ ዛሬ በዓሹራ ሌሊት ገንፎው ይቀርባል፤ አበላሉም ታይቶ የዓመቱ ዕጣ ይገመታል። ግንቡም ቢሆን ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተትቶለታል።

አንጀትም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አለው። ማሽላ፣ ገብስ፣ ባቄላና ሽምብራ ስንበላ እኛ ልንፈጨው የማንችለው አሰር እስከ ታችኛው አንጀት ይወርዳል። ባክቴሪያዎቹ ያንን አብላልተው ትናንሽ የስብ አሲዶች ያወጣሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ቡቲሬት ይባላል፤ ስሙ የመጣው ቅቤ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። በ2018 በጀርመን አገር በኤርላንገን የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ እነዚህን አሲዶች ወይም አሰር የበዛበትን ምግብ ያገኙ አይጦች አጥንት በላዎቻቸው አነሱ፣ አጥንታቸውም በዛ። (ቅቤ ጠጡ ማለቴ አይደለም። በቅቤ ውስጥ ያለው እላይ በትንሹ አንጀት ተመጥጦ ይቀራል፤ የሚፈለገው እታች ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው የሚሠሩት ነው።) ስለዚህ ባክቴሪያ ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት ብሎ በደፈናው መጠየቅ አይበጅም፤ የትኛው ወገን እንደ በዛና ምን እንደሚቀርብለት ማየት ያስፈልጋል።

ከአይጥ ወደ ሰው ግን መንገዱ ሩቅ ነው። በዚያው በስዊድን ዕድሜያቸው ከ75 እስከ 80 የሆኑ 90 ሴቶች አንድ ዓመት ተጠኑ፤ ከእነርሱም አንድ ዓይነት የላክቶባሲለስ ባክቴሪያ የወሰዱት የእግራቸው አጥንት መሳሳት ቀነሰላቸው። ይህ በ2018 ሲሰማ ስንቱ ተደሰተ! በ2024 የወጣው ጥናት ግን ያንኑ ባክቴሪያ የወር አበባቸው ከተቋረጠ ብዙ ባልቆየ 239 ሴቶች ላይ ሁለት ዓመት ቢሞክረው ለአጥንታቸው ምንም አልፈየደም። እኔም በብልቃጥ የሚሸጠውን የባክቴሪያ ክኒን ለአጥንቴ ብሎ ለመግዛት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ወደ ኪሱ ይመልስ ባይ ነኝ።

ለወዳጄ ያልኩት ይህን ነው። አጥንት ክምችቱን የሚያደልበው እስከ 30 ዓመት አካባቢ ድረስ ስለሆነ፣ የእርሱ ዕድሜ የማከማቻው ዘመን ነው። እርሱ ግን ቁርሱ ሻይ በነጭ ዳቦ፣ ምሳው ማካሮኒ ነው፤ ከቢሮ ወንበር ወደ ቤት ወንበር ይሄዳል። ካልሲየሙ፣ የፀሐይ ብርሃኑና የእግር ጉዞው መሠረት ናቸው፤ እነርሱን የሚተካ ባክቴሪያ የለም። ከዚያ በላይ ሽሮውን፣ ንፍሮውን፣ የማሽላ ገንፎውንና ጎመኑን አይናቅ። እንጀራም መልካም ነው፤ ሆኖም በእርሾው ውስጥ የነበሩት ሕያዋን ምጣድ ላይ ስለሚሞቱ ከእንጀራ የሚጠበቀው አሰሩ ነው። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ እየገዛ መዋጡንም ይተው። ያ መድኃኒት ለጉንፋን አይረዳም፤ የአንጀቱን ማኅበር ግን ይበትናል።

በማግሥቱ ከግንቡ ውጭ ካለው ገበያ ወርደን ነበር። ወዳጄ ምክሬን በአንድ ቀን ሊፈጽመው ፈልጎ ዳናን የተባለውን የረጋ የግመል ወተት ሊጨልጥ ሲል እጁን ያዝኩት። ካልፈላ ወተት የሚመጣ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ እርሱም መገጣጠሚያንና የጀርባን አጥንት የሚያጠቃ ክፉ ነው፤ ወተቱ መኮምጠጡም በሽታውን ለማጥፋቱ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ትኩሱን ገዝተን ወደ ቤት ወሰድነው። አከራዩ በደኅናው እጃቸው አፈሉልን፤ ከሻይ ጋር ቀረበ።

ወዳጄ አንድ ጊዜ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ስኳርስ ይፈቀዳል?»

ሴትዮዋ ከእኔ ቀድመው ሁለት ማንኪያ ጨመሩለት።