ጤፉ አስተባባሪ አለው፤ ምጣዱስ?

እዚህ አዲስ አበባ፣ መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ኮሙናል የምንለው ቤት አለ። ለእርድ፣ ለድግስና ለእንጀራ ጋገራ ተብሎ የተሠራ ነው። ጠዋት በዚያ ያለፈ ሰው በአንድ ጥግ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በሌላው ጥግ ቅጠልና ጭራሮ የሚነድበት ምድጃ ያያል። መብራት ካለ ምጣዱ ይሰካል፤ ከጠፋ ወደ ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ በሴቶች ጀርባ ከእንጦጦ የወረደ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአጼ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው የማገዶን ችግር ያቃልላል ተብሎ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የሕዳሴ ግድብ መረቅን፤ ሀገሪቱ ከምትጠቀመው ኃይል ከዐሥር እጅ ዘጠኙ ገደማ ግን ዛሬም ማገዶ፣ ከሰልና ኩበት ነው።

ሰፈራችን ምጣድ የሚጠግን ልጅ አለ። ሸክላውን ሲገለብጠው ከሥሩ እንደ ቀንድ አውጣ እየዞረ የሚሄድ ቦይ ይታያል፤ ሽቦው የሚተኛው እዚያ ውስጥ ነው። የተቃጠለውን ነቅሎ አዲሱን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ይዘረጋና በጀሶ ይደፍነዋል። ምጣዱ ሲሰካ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሲሠራ እያየሁት፣ ወደ ታች የሚሄደው ሙቀት ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት።

«ወለሉን ያሞቃላ፣ ጋሼ!» አለኝና ሳቀ።

ወለል የሚያሞቀውን ይህን ኃይል ለማዳን፣ በፀሐይ ለመተካትም፣ በሕዝብ ገንዘብ ብዙ ተጠንቷል። የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በፀሐይ የሞቀ ዘይት ከምጣድ ሥር አዙረው እንጀራ ጋግረዋል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ደግሞ ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የቀኑን ፀሐይ በቀለጠ ጨው አከማችቶ፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ የሚያስጋግር ዘዴ ሲሞክሩ ቆይተዋል። ሥራው ቀላል አይደለም። እንጀራ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የጋለ ምጣድ ይፈልጋል፤ ፀሐይዋ ደጅ ናት፣ ጋጋሪዋ ማጀት። በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ስለ ምድጃና ስለ ምጣድ የተጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ጥቂት አይደለም።

እነዚህን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማንበብ የሞከረ ሰው ግን ግራ ይጋባል። አንዱ ምጣዱ በስንት ደቂቃ እንደጋለ ይነግረናል፤ ሌላው ለአንድ ኪሎ እንጀራ የወጣውን ኃይል፤ ሦስተኛው ብቃት በመቶኛ። የምጣዱ ስፋት ይለያያል፣ ሊጡም እንደዚያው። የትኛው ይሻላል ብላ ለምትጠይቅ የቤት እመቤት ወይም ለሚኒስቴር ባለሙያ የሚሰጥ መልስ የለም። የከፈለው ሕዝብ አንድ ነው፤ መለኪያው ግን በየአጥኚው።

ደግሞ አንችልም እንዳይባል፣ ጤፉን እንይ። የጤፍ ምርምር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚስተባበረው ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። አንድ ዝርያ ከመለቀቁ በፊት በተለያዩ አካባቢዎች ተዘርቶ፣ ከነባሩ ዝርያ ጋር በአንድ ዓይነት መለኪያ ይወዳደራል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው «ቁንጮ» ስንቱ ገበሬ ማሳ የደረሰው በዚህ መንገድ አልፎ ነው። ጤፉ እስኪፈጭ ድረስ አስተባባሪ አለው፤ ሊጥ ሆኖ ምጣድ ላይ ሲወጣ ግን ባለቤት ያጣል። በአንድ መለኪያ መሥራት እንደምንችል ግን ማገዶ ቆጣቢው «ምርጥ» ምድጃም ይመሰክራል። በ1980ዎቹ (በኛው አቆጣጠር) በመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ማዕከል ተሠርቶ ከሦስት ጉልቻ ጋር በተደጋጋሚ ተመዘነ፤ ማገዶን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ታየ፤ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅትም ለማሰራጨት የያዘው ቁጥር ነበረው። ሁሉም ከዚያው ከሦስት ጉልቻ አንጻር ስለለኩ ተማመኑ።

ራቅ ብሎም ምሳሌ አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን ገንዘብ የሚሰጣቸው የኤሌክትሪክ መረብና የኃይል ማከማቻ ፕሮጀክቶች «ብሪጅ» በሚባል ማዕቀፍ ሥር ተሰባስበው ስለ መረጃ አያያዝ፣ ስለ ሕግና ስለ ተጠቃሚዎች ያገኙትን እንዲለዋወጡ ይደረጋል። ከዚሁ ከራስጌያችን፣ እንጦጦ ላይም፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው የቆሙለት የሕዋ ምርምር ማዕከል አለ፤ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለውበታል። ለከዋክብት ተስማምተናል ማለት ነው፤ ለምጣድ ያቃተን ምን ይሆን?

ትብብር ሲባል የለመድነው ሌላ ስለሆነ ይመስለኛል። ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል፣ ከኋላ ባነር፣ ከፊት የመግባቢያ ሰነድ፣ በመካከል የሻይ እረፍት። ሰነዱ ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አበል ይከፈላል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ። አስተባባሪ ምክር ቤት ይቋቋም ብዬ ብጽፍ ነገ ጽሕፈት ቤትና መኪና ይጠየቅለታል፤ ስለዚህ አልጽፍም።

የምለው ከዚያ ያነሰ ነው። ለጋገራ አንድ የመፈተሻ ሥርዓት ይውጣ። የምጣዱ ስፋትና የሊጡ ዓይነት ይወሰን፤ ከቀዝቃዛ ምጣድ ተነስቶ የተወሰነ ቁጥር እንጀራ ይጋገርና ለአንዱ የወጣው ኃይል በቆጣሪ ይመዝገብ። የሚጋግሩት ተማሪዎች አይሁኑ፤ ከጋገራ የሚተዳደሩ ሴቶች ተከፍሏቸው ይጋግሩ፣ ፍርዳቸውም ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ። ዓይን ያላወጣ እንጀራ በቴርሞሜትር ቢያልፍ እነሱ ዘንድ አያልፍም። ቦታውም ሩቅ አይደለም፤ እንደኛ ያለ ኮሙናል ይበቃል፣ ተማሪ ለመላክ ደግሞ የኮተቤው ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ለእንዲህ ያለ ጥናት ገንዘብ ሲፈቅዱ አንድ ግዴታ ያስገቡ፦ ውጤቱ በዚህ ሥርዓት ተለክቶ ለሁሉም ክፍት በሆነ መዝገብ ይግባ፤ ያልተሳካውም ጭምር። ዘይቱ የት እንዳፈሰሰ፣ ጨው በቧንቧ ውስጥ ረግቶ እንዴት እንዳስቸገረ ያልተጻፈለት ተመራማሪ ያንኑ ስህተት በአዲስ በጀት ይደግመዋል።

የሚከብደው የመምህራኑ ጉዳይ ነው። አንድ የባሕር ዳር መምህር የመቀሌውን ምጣድ ሦስት ወር ሲፈትሽ ቢከርም ለማዕረግ እድገቱ ምን ያህል ይጠቅመዋል? አዲስ ምጣድ ሠርቶ በስሙ ቢያሳትም ይሻለዋል፤ ስለዚህ ዐሥራ አንደኛውን ምጣድ ይሠራል። አልፈርድበትም፣ ልጆች ያሳድጋል። የሌላውን ሥራ በደንብ መፈተሽ ከራስ ግኝት እኩል ነጥብ እንዲኖረው ማድረግ ግን ይቻላል። የእድገት መመሪያውን የሚያጸድቁት የየዩኒቨርሲቲው ሴኔቶች ናቸው፤ በቀጣዩ ስብሰባቸው አጀንዳ ሊያስይዙት ይችላሉ።