ሳይጠሩት አቤት የሚል ጠጋኝ

ኮዬ ፈጬን በመሳሰሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ግራውንድ ላይ ባሉ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቆች የተለመደ አሠራር አለ። ዊንዶውሱ አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ሲመጣ ባለሙያው ሃርድ ዲስኩን ይፈታና የሱቁ ዴስክቶፕ ላይ ይሰካዋል። ዴስክቶፑ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ መልእክት ይመጣል፦ ዲስኩ መፈተሽ አለበት፤ ካልፈለጉ ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ። ቆጠራው ይጀምራል። ባለሙያው ወይ ሌላ ደንበኛ እያነጋገረ ነው፣ ወይ “ይፈትሸው፣ ምን ይጎዳል?” ባይ ነው። ሴኮንዶቹ ያልቁና የሰው ዲስክ ላይ ማንም ያላዘዘው ጥገና ይጀመራል።

“ምን ይጎዳል?” ለሚለው መልሱ፦ ብዙ ይጎዳል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚሮጠው ቼክ ዲስክ አይቶ ብቻ አይመለስም፤ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። የሚያስጨንቀውም የባለቤቱ ፋይል መትረፉ ሳይሆን የዲስኩ መዝገብ እርስ በርሱ መስማማቱ ነው። ከመዝገቡ ጋር ያልገጠመውን ይቆርጣል፣ ባለቤት ያጣለትን ቁራጭ ፋውንድ.000 የሚባል ፎልደር ውስጥ ያጉረዋል። ሲጨርስ ዲስኩ “ጤነኛ” ይባላል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ወይም የሠርጉ ፎቶ ግን ስምና ቦታ የሌለው ቁራጭ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዲስኩ በአካል እየሞተ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ቀሪ ዕድሜው ፋይሎቹን ለመቅዳት መዋል ሲገባው በፍተሻ ንባብና በጽሕፈት ያልቃል።

ዊንዶውስና ሊኑክስን አንድ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ የሚሠራ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። ኮዬ ፈጬ አቅራቢያ ቂሊንጦ ላይ ባለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የሶፍትዌር ተማሪን እናስብ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ “ፈጣን ማስነሻ” የሚባል ነገር አለ። እሱ በርቶ ከሆነ ተማሪው “ዝጋ” ሲል ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የሥራውን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ሊኑክስ በዚህ መሐል ተነስቶ የዊንዶውስን ፓርቲሽን “ላስተካክል” ቢል፣ የሚያስተካክለው ባለቤቱ ጀምሮ ያልጨረሰውን ሥራ ነው።

ኤንቲኤፍኤስፊክስ የተባለውን የሊኑክስ መሣሪያ ሲስተሙ በተነሳ ቁጥር እንዲሮጥ የሚያደርጉ አሉ። የመሣሪያው መመሪያ ራሱ ግን የቼክ ዲስክ ምትክ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ጥቂት መሠረታዊ ስህተቶችን ያርማል፣ ያላለቀ ሥራ የተመዘገበበትን ጆርናል ያጸዳል፣ ከዚያም ዊንዶውስ በሚቀጥለው ሲነሳ ዲስኩን እንዲፈትሽ ቀጠሮ ይይዝለታል። አንዱ ያልተጠራ ጠጋኝ ሌላውን ያልተጠራ ጠጋኝ ይጠራል ማለት ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

የዚህ አሠራር ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ኮምፒውተር በድንገት ይጠፋል፤ የተዛባ ዲስክ ሳይፈተሽ ከዋለ ጉዳቱ ይሰፋል። እውነት ነው። ይህ መከራከሪያ የሚሠራው ግን ሲስተሙ የራሱን ዲስክ ሲፈትሽ ነው። ዊንዶውስ የራሱን የፋይል ሥርዓት ኤንቲኤፍኤስን፣ ሊኑክስም የራሱን ኢኤክስቲ4ን ይፈትሽ፤ ምን ጀምሮ ምን እንዳልጨረሰ የሚያውቀው እሱ ነው። የእንግዳ ዲስክ ተዛብቷል የሚል ምልክት ሲታይበት፣ ምልክቱ የሚለው “ባለቤቴን ጠይቁ” እንጂ “ጠግኑኝ” አይደለም።

የተሻለ መንገድ እንዳለም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከሊኑክስ 5.15 ጋር የመጣው የኤንቲኤፍኤስ ድራይቨር፣ የተዛባ ምልክት ያለበትን ዲስክ ተጠቃሚው በግልጽ ካላስገደደው በቀር ለጽሕፈት አልከፍትም ይላል። በዚያው ዓመት የወጣው የሊኑክስ ማስነሻ ግራብ 2.06 ደግሞ ሌሎች ፓርቲሽኖችን እየከፈተ ሲስተም የሚያስሰውን ፕሮግራም፣ ለደህንነት ሲባል፣ ከመነሻው አጥፍቶት መጣ። ሁለቱም የሰው ዲስክ ላይ እጃቸውን ሰብስበዋል።

ሱቆቻችንም ይሰብስቡ። የዊንዶውሱ ቼክኤንቲኤፍኤስ ትዕዛዝ ከኤክስ ምርጫው ጋር የተጠቀሱትን ድራይቮች ከመነሻ ፍተሻ ያስወጣል፤ አዲሱ ትዕዛዝ የቀድሞውን ስለሚሽር የሁሉንም ድራይቮች ፊደል ባንድ ጊዜ መጻፍ ያስፈልጋል። ዲስኮች በሚዘረዘሩበት የሊኑክሱ ኤፍስታብ ፋይል ደግሞ በእንግዳው ዲስክ መስመር ስድስተኛው ቦታ ላይ 0 ይጻፍ። ተማሪው ፈጣን ማስነሻውን ያጥፋ። የደንበኛ ዲስክ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ሙሉ ቅጂው ይወሰድ፤ ጥገናው ቅጂው ላይ ይሞከር። ደንበኛም ላፕቶፑን ሲያስረክብ ከዋጋው በፊት “መጀመሪያ ትቀዳዋለህ?” ብሎ ይጠይቅ። “አያስፈልግም፣ ራሱ ይፈትሸዋል” ካሉት ላፕቶፑን ይዞ ይውጣ።