የአሯሯጥ ስልትን እያዩ ማረም፦ ለጀውሃ ሯጮች ምን ይጠቅማል?

እ.ኤ.አ. በ2018 በሆንግ ኮንግ ይፋ በሆነ ጥናት 320 ጀማሪ ሯጮች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ በመሮጫ ማሽን ላይ እግራቸው የሚያርፍበትን ኃይል በስክሪን እየተመለከቱ ለሁለት ሳምንት እንዲያለዝቡ ተደርጓል። በቀጣዩ አንድ ዓመት የጉዳት ስጋታቸው ምስሉን ሳያዩ ከሮጡት በ62 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም የባትና የተረከዝ ጅማት ጉዳት በእነርሱ ላይ በዝቶ ታይቷል፤ ይህም ጫናው ከአንዱ የአካል ክፍል ወደ ሌላው ሊዛወር እንደሚችል ያመለክታል።

ማሽኑ በሌለበት እንደ ጀውሃ ባለ የይፋት ቆላ፣ በእጅ ስልክ ከጎን የተቀረጸ ምስል በከፊል ሊተካው ይችላል። ምስሉ የእርምጃን ርዝመት ያሳያል፤ የምቱን ኃይል ግን አይለካም። መታረም ያለበትም መልክ ሳይሆን ጫና ነው፦ ኃይሌ ገብረሥላሴ ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደውን የግራ ክንድ አያያዝ ሳይተው ክብረ ወሰኖችን ሰብሯል።

በተመሳሳይ ፍጥነት እርምጃን አሳጥሮ ቁጥሩን ከ5 እስከ 10 በመቶ መጨመር የጉልበትን ጫና ይቀንሳል። ለውጡ ቀስ በቀስ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ቢከናወን ይመረጣል። ሕመም የጸናበት ሯጭ ግን ልምምዱን አቋርጦ በቅድሚያ በጤና ተቋም ሊመረመር ይገባል።