ሜዳው አለ፣ ጋባዡስ?

ስኮትላንድ ጎልፏን የምትሸጠው የ18 ጉድጓድ ልማድ በ1764 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረባት ሴንት አንድሩስ ስላለቻት ብቻ አይደለም። የውጭ አስጎብኚዎችን ጠርታ ሜዳውን ታሳያለች፣ ከሆቴሎችና ከክለቦች ጋር አገናኝታ ትሸኛለች። እነሱም ያዩትን ለደንበኞቻቸው ይሸጣሉ።

ቢቸናና ሞጣስ? በዱላና በሩር የሚደረገው የገና ጨዋታ አላቸው። ለሯጭ ልምምድ የሚመች የጮቄ ተራራ አየርም ቅርባቸው ነው። ግን ጨዋታው የት ሜዳ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ለአስጎብኚ ቀድሞ የሚነግር ከሌለ ማን እንግዳ ያመጣል?

እርግጥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት ባለበት ግብዣው ዛሬ አይታሰብም። ሰላም ይቀድማል። ዝግጅቱ ግን ከአሁኑ ቢጀመር አይከፋም።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ግሽ ዓባይን ፍለጋ ጎጃም ድረስ በራሱ ፍላጎት መጥቷል። የዛሬው ቱሪስት ግን ካልጠሩት አይመጣም።